ኢታንግ በውልና በውኃ መካከል

የሀገራችን ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚሄደው ደጋ ለደጋ ነው። ነገሥታቱ ከአምባ ወደ አምባ ይዘምታሉ፤ ጸሐፊዎቹም ይከተሏቸዋል። ቆላ ስሙ የሚነሣው ጦር ሲያቋርጠው ወይም ንዳድ ሠራዊት ሲጨርስበት ነው። ረግረግማ ጭራሽ ታሪክ ያለው አይመስልም። እኔ እዚህ የማነሣት ኢታንግ ከጋምቤላ ከተማ በስተምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በባሮ ወንዝ ዳር የምትገኝ የረግረግ አገር መንደር ናት። ስሟ ግን በአፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተፈረመ ውል ላይ ተጽፏል። ከዚያም ወዲህ በዓለም ላይ ካሉት ታላላቅ የስደተኞች ሰፈሮች አንዱ ሆና ቆይታለች። ይህን ያህል በወረቀት ላይ የተጻፈች መንደር ይህን ያህል ሳትታወቅ መቅረቷ ነው ብዕር ያስነሣኝ።

«የበዴሳ ልጅ ስለ ባሮ ምን አገባው?» የሚል ጓደኛ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ነገሩ ወዲህ ነው። ከበዴሳ ወደ ምሥራቅ ቁልቁል ሲሉ ብላቴ አለ። ከጉራጌ ተራሮች በኩል ተነሥቶ ዐባያ ሐይቅ የሚገባ ወንዝ ነው። ከሐይቁ በላይ ያለውን የአበላን ሜዳ ደግሞ፣ ዋዱ የሚባለው የወላይታ የእርሻ ልማት ድርጅት ከ1970 ጀምሮ በዓለም ባንክ ብድር የደጋውን ሰው አወረደበት። የወላይታ ደጋ እንደሚታወቀው ሰው በሰው ላይ ነው፤ መሬቱ የእንሰት ጓሮ ሆኖ ከልጅ ልጅ ሲከፋፈል አልቋል። ስለዚህ ከላይ ቁልቁል ላየው አበላ ሰፊ፣ ለጥ ያለ፣ ባዶ መሬት ነበር። ሰፋሪው ወርዶ ያገኘው ግን መሬት ብቻ አይደለም፤ ወባም ነበረ፣ ከብት የሚጨርሰው ገንዲም ነበረ። «ባዶ መሬት» የሚለውን ቃል መጠርጠር የጀመርሁት እንግዲህ ከአገሬ ነው። ይሁን እንጂ አበላ የወረደ ሰው ቢያቅተው ደጋው ከበላዩ ይታየዋል፤ በእግሩ ወጥቶ ዘመዱ ቤት ያድራል። ይህ መውጫ የሌለበትን ስፍራ ስፈልግ ነው ኢታንግ የደረስሁት።

አንድ ነገር ላስታውቅ። የዚህ ታሪክ ቀኖች አብዛኞቹ ከውጭ መዛግብት የመጡ ስለሆኑ በፈረንጅ አቆጣጠር አስቀምጫቸዋለሁ። በእኛ የሆነውን ዓ.ም. እያልሁ ለይቼዋለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ውኃው። ባሮ ከኢሉባቦርና ከወለጋ ደጋ የሚመጡት ጌባና ቢርቢር ተገናኝተው የሚሆኑት ወንዝ ነው። በጎሬ በኩል ያለው ደጋ በሀገራችን እጅግ ዝናባም ከሚባሉት አንዱ ነው፤ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ይዘንብበታል። ይህ ሁሉ ውኃ ገደሉን ወርዶ ጋምቤላ ሲደርስ ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ ተዳፋት የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል። ወንዙ ፍጥነቱን ያጣና የተሸከመውን ደለል በግራ በቀኝ ይጥላል። በዚህ የተነሣ ዳርቻው ራሱ ከፍ ይላል፤ ከዳርቻው ኋላ ያለው ሜዳ ግን ዝቅ ብሎ ይቀራል። ክረምት ሲገባ ውኃው ዳርቻውን በሆነ ቦታ ይሰብርና የኋላውን ሜዳ ይሞላል። ስለዚህ በነሐሴና በመስከረም ኢታንግ የቆመ ሰው ከፊቱ ወንዝ፣ ከኋላው ሐይቅ ነው። በጥርና በየካቲት የመጣ ሰው ደግሞ መሬቱ ተሰነጣጥቆ፣ ሣሩ ተቃጥሎ ያገኘዋል። እነዚህ ሁለት ሰዎች ተገናኝተው ስለዚያ ስፍራ ቢጨዋወቱ አንዱ ሌላውን ውሸታም ይለዋል። የኢታንግም ታሪክ በአመዛኙ በበጋ ዓይን ያዩ ሰዎች በክረምት የደረሰባቸው ነው።

ከዚህ የተለዩት የቦታው ባለቤቶች ናቸው። አኙዋዎች ባሮን ኦፔኖ ይሉታል። መንደራቸውን የሚሠሩት ወንዙ ራሱ በሠራው ከፍ ያለ ዳርቻ ላይ፣ ተርታውን፣ ወንዙን ተከትለው ነው። በዝናቡ ጊዜ ከፍ ያለውን መሬት ያርሳሉ፤ ውኃው ሲሸሽ ደግሞ ትቶት በሄደው እርጥብ ደለል ላይ ማሽላና በቆሎ ይዘራሉ። ጎርፉ ለእነሱ አደጋም ነው፣ ማዳበሪያም ነው። ዓሣው አለ፤ አደኑ አለ። ከብት ግን ብዙ አያረቡም። መንደሮቹ አንዱ ለሌላው የማይገብር፣ እያንዳንዱ የራሱ ኳሮ ወይም የራሱ መስፍን ያለው ነበር። በ1935 በመካከላቸው የተዘዋወረው እንግሊዛዊው የሰው ልጅ ባሕል አጥኚ ኤቫንስ ፕሪቻርድ፣ እነዚህ መንደሮች አለቃቸውን ሲሾሙና ሲሽሩ የሚያደርጉትን ሁሉ በዝርዝር ጽፏል። አለቃው ለጋስ ካልሆነና ካላበላ መንደሩ ተነሥቶ ያወርደው ነበር። (እኛ ዘንድ ያልተለመደ ነገር ነው!)

ኑዌሮች ደግሞ የከብት ሰዎች ናቸው። የጂካኝ ኑዌር ወገኖች በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ተስፋፍተው ብዙ የአኙዋ አገር ያዙ። የእነሱ አኗኗር ከአኙዋ ተቃራኒ ነው። ክረምት ከብታቸውን ይዘው ወደ ከፍታ ይሸሻሉ፤ በጋ ሣርና ውኃ ፍለጋ ወደ ወንዝ ይወርዳሉ። አኙዋው ዳርቻው ላይ የዘራውን በሚጠብቅበት ወራት ኑዌሩ ከብቱን ውኃ ሊያጠጣ ይመጣል ማለት ነው። በሁለቱ መካከል የሆነውን ጠብ ሁሉ «የጎሣ ጥላቻ» እያለ የሚያልፈው ሰው ይህን የቀን መቁጠሪያ አላየም። ደግሞም ሁልጊዜ ጠብ አልነበረም፤ መጋባትም፣ እህል በከብት መለወጥም ነበር።

ወደዚህ አገር ከውጭ መጥተው ረግረጉ ያባረራቸው የመጀመሪያዎቹ እንግሊዞች አይደሉም። በ1897 ፈረንሳዮች የነጭ ዓባይን መስመር ከእንግሊዝ ቀድመው ለመያዝ ሲሽቀዳደሙ፣ ደ ቦንሻምፕ የሚባል ሰው የሚመራ ጓድ ከጎሬ ወርዶ ባሮንና ሶባትን ተከትሎ ወደ ምዕራብ ሄደ። ፋሾዳ ላይ ከማርሻን ጋር ሊገናኝ ነበር። ጀልባ አልነበረውም። ስንቁ አለቀ፤ አጋሰሱ ሞተ፤ ሰዎቹ በንዳድ ወደቁ። በታኅሣሥ 1890 ዓ.ም. ረግረጉ ውስጥ ቆሞ ወደ ኋላ ተመለሰ። በማግሥቱ ዓመት እኩሌታ ላይ ደጃዝማች ተሰማ ናደው፣ በኋላ ራስ ቢትወደድ የሆኑት፣ ብዙ ሠራዊት ይዘው በዚያው መንገድ ወረዱ። በሰኔ 1890 ዓ.ም. ከፊል ጦራቸው የሶባት ወንዝ ከነጭ ዓባይ የሚገናኝበት ደረሰ። አብሯቸው የነበረው የሩሲያ ኮሎኔል አርታሞኖቭ አዞ በሚርመሰመስበት ውኃ ውስጥ ዋኝቶ በደሴት ላይ የፈረንሳይ ባንዲራ ተከለ ይባላል። ይሁን እንጂ ሠራዊቱ በንዳድ እየረገፈ ስለሆነ መቆየት አልቻለም። ማርሻን ፋሾዳ የገባው ሐምሌ መግቢያ ላይ ነበር። በጥቂት ሳምንት ተላለፉ! የአፍሪካ ካርታ በዚያ ጥግ እንዲህ ሆኖ ሳይሆን ሌላ ይመስል ነበር ወይ የሚለውን ለሚከራከሩ ልተወው። ለእኔ ጉዳዩ፣ ዘማቹን የመለሰው ጠላት ሳይሆን ረግረግ መሆኑ ነው።

እንግሊዝ ሱዳንን ከያዘች በኋላ ሜጀር ኦስቲን የሚባል መኮንን ሶባትንና ባሮን እያጠና ወደ ላይ ወጣ። የሄደበት ጊዜ ከ1899 መጨረሻ እስከ 1900 መጀመሪያ ያለው ወራት ነው። ወሩን ልብ በሉልኝ፤ በጋ ነው።

ከዚያ ውሉ መጣ። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. (እነሱ ሜይ 15 ቀን 1902 ይሉታል) አፄ ምኒልክና የእንግሊዙ ወኪል ሐሪንግተን አዲስ አበባ ላይ ፈረሙ። ይህ ውል በክፍል ውስጥ ሲነሣ ሁላችንም የምናስታውሰው የዓባይን አንቀጽ ነው። ምኒልክ በጥቁር ዓባይ፣ በጣና ሐይቅና በሶባት ላይ ውኃውን የሚያግድ ሥራ ያለ ስምምነት እንዳይሠሩ የሚለውን ሦስተኛውን አንቀጽ ማለቴ ነው። ቀጥሎ ያለውን አራተኛውን የሚያነብ የለም። አራተኛው አንቀጽ እንደሚለው፣ ምኒልክ በባሮ ዳር፣ ኢታንግ አጠገብ፣ የወንዝ ዳርቻው ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለሱዳን መንግሥት ይሰጣሉ። መሬቱ ለንግድ ጣቢያ ብቻ ይሆናል፤ ለፖለቲካና ለጦር ጉዳይ አይውልም። ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ይጸናል።

400 ሄክታር እንግዲህ አሥር ጋሻ ገደማ ነው። ንጉሠ ነገሥቱና ሐሪንግተን አሥር ጋሻ የረግረግ ዳር ሰጠሁ ተቀበልሁ ተባባሉ። በላዩ ማን እንደሚኖር፣ የማን ማሽላ እንደሚዘራበት ውሉ አንድ ቃል አይልም። በዚያው ውል ላይ የተሠመረው ድንበር ደግሞ በታችኛው ባሮ፣ በፒቦርና በአኮቦ ወንዞች ላይ ሮጠ። ለውል ጸሐፊ ወንዝ ጥሩ ድንበር ነው፤ ካርታ ላይ ቀድሞ ተሥሏል፣ የሚለካ የለም። ለአኙዋና ለኑዌር ግን ወንዝ የአገር ጠርዝ ሳይሆን የአገር መካከል ነው። መንደሩ በወዲህም በወዲያም ነው፤ ከብቱ በዋና ይሻገራል። ድንበሩ በዚህ መንገድ አንዱን ሕዝብ ከወገቡ ቆረጠው። ከዚያ ወዲህ በዚያ ጠረፍ የሆነውን ጣጣ ሁሉ የሚከታተል ሰው እየተመለሰ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው።

ታዲያ ጣቢያው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ኢታንግ ላይ አልተሠራም። ቦታው በክረምት ውኃ የሚተኛበት ሆኖ ተገኘ። እዚህ ላይ የሚያስቅም የሚያስለቅስም ነገር አለ። የእንግሊዝ የእንፋሎት መርከብ ባሮን ሽቅብ መውጣት የሚችለው ወንዙ ሲሞላ ነው፣ ማለትም ከሰኔ እስከ ጥቅምት ገደማ ባሉት አምስት ወራት። መርከቧ የምትመጣው መንደሪቱ ውኃ ውስጥ በሆነችበት ወቅት ብቻ ነው ማለት ነው። ከደጋ ቡና ጭኖ የሚወርደው አጋሰስ ደግሞ በዚያ ወራት ኢታንግ ሊደርስ አይችልም። መርከብ ሲደርስ በቅሎ አይደርስም፤ በቅሎ ሲደርስ መርከብ የለም። ስለዚህ በ1904 ጣቢያው ወደ ላይ ተስቦ ጋምቤላ ላይ ተተከለ። ቦታው ከፍ ያለ፣ ለደጋው መንገድ የቀረበ፣ መርከብም የሚወጣበት የመጨረሻው ነጥብ ነው። በውሉ ላይ የሌለችው ጋምቤላ ከተማ ሆነች፤ በውሉ ላይ ያለችው ኢታንግ መንደር ሆና ቀረች። የዛሬውን የክልል ዋና ከተማ የመሠረታት እንግዲህ በአንድ በኩል የኢታንግ ጎርፍ ነው።

ጋምቤላ ራሷን የቻለ ታሪክ አላት፤ ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ ከ1904 እስከ 1935 የነበረውን ንግዷን በሚገባ አጥንተውታል። እኔ በአጭሩ ላልፈው እወዳለሁ። ከካርቱም ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ በውኃ ተጉዛ የምትመጣው መርከብ ጨውና አቡጀዲ ታራግፋለች፤ የጎሬንና የሳዮን ቡና፣ ሰምና ቆዳ ትጭናለች። የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎች ሱቅ ከፈቱ። ነጋዴው ከቡሬ ገደል ወርዶ እቃውን አስረክቦ ትንፋሹን ሳይስብ ወደ ደጋው ይሮጣል፤ የሚያድርበት ሌሊት ሁሉ የንዳድ ሌሊት ነውና። በ1920ዎቹ ከሱዳን ጋር ከነበረን ንግድ የሚበልጠው በዚህች አምስት ወር በምትነቃ፣ ሰባት ወር በምታንቀላፋ ወደብ ያልፍ ነበር።

ንግዱ ግን ለባሮ ዳር ሰው ምን አመጣ? ጠመንጃ! በእርግጥ ጠመንጃው የመጣው ከወደቡ ብቻ አይደለም። ቀድሞም ከደጋው በዝሆን ጥርስ እየተለወጠ ይወርድ ነበር። ለአኙዋ ይህ ነገር የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነበር፤ ኑዌር እየገፋው መኖሪያ አጥቶ ነበርና በጠመንጃው ተመልሶ ቆመ። አኩዌይ ዋ ቻም የሚባለው የአኙዋ መስፍን ጠመንጃ የታጠቁ ሰዎች ሰብስቦ ገነነ። በማርች 1912 እንግሊዞች ሊቀጡት ወታደር ላኩ፤ አዶንጋ ላይ ገጥመው ከመኮንኖቹም ከወታደሮቹም ወደ 50 የሚጠጋ ሰው ሞተባቸው። በ1916 ደግሞ ከኢትዮጵያ መንግሥት ጦር ጋር ውጊያ ሆነ፤ ቦታውም ይህችው ኢታንግ ናት። በሁለቱም ወገን ብዙ ሰው ወደቀ። በዚያ ዘመን ሁለት መንግሥታት ይህን ሕዝብ «የእኔ ነው» ይሉ ነበር። ሁለቱም ግን ወደ እርሱ የሚመጡት ግብር ለማስከፈል፣ ጠመንጃ ለመቀማት ወይም ለመቅጣት ነበር። ውሉ «ለጦር ጉዳይ አይውልም» ያለው መሬት ጎረቤቱ ሁሉ በጦር ያደረ ነበር።

የጣልያንን ዘመን አላበዛበትም። በ1941 እንግሊዞችና ከኮንጎ የመጡ የቤልጅግ ወታደሮች በዚያ መስመር ገቡ፤ ጄኔራል ጋዜራም በሐምሌ መጀመሪያ ሳዮ ላይ እጁን ሰጠ። ኤቫንስ ፕሪቻርድ ራሱ ብዕሩን አስቀምጦ በአኮቦና በጊሎ ወንዞች ላይ የአኙዋ ሽምቅ ተዋጊዎች መርቷል። የመንደሩን አስተዳደር የጻፈለት ሕዝብ ጠመንጃ አንሥቶ ተከትሎታል ማለት ነው። ይህ ነገር ሲታሰብ ዕውቀት ለምን ይሰበሰባል የሚያሰኝ ነው፤ ግን ጉዳዩ ከኢታንግ ያወጣኛልና ልተወው። ሱዳን ጃንዋሪ 1 ቀን 1956 ነፃ ስትወጣ ውሉ የጸናበት ምክንያት ስለቀረ ጋምቤላ በዚያው ዓመት ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰች። በዚያን ጊዜ ቡናው ወደ ጅማና ወደ አዲስ አበባ መንገድ ዞሮ ስለነበር መርከቧም እየቀረች ሄደች።

በውሉ ላይ የተጻፈችው ኢታንግ ከ80 ዓመት በኋላ እንደገና ወረቀት ላይ ወጣች። በደቡብ ሱዳን የመጀመሪያው የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ በየካቲት 1964 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስምምነት እስኪቆም ድረስ፣ ወደ ባሮ ዳር ስደተኛ መጥቶ ነበር። ጦርነቱ በ1983 ዳግመኛ ሲነሣ ግን የመጣው ሰው ከቀድሞው ጋር የሚወዳደር አይደለም። የደቡቡ ነፃ አውጪ ሠራዊት በደርግ መንግሥት ድጋፍ እዚያው አካባቢ ዋና ሰፈሩን አደረገ። ኢታንግም በተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ድርጅት የሚቀለብ ታላቅ ካምፕ ሆነች። በመጨረሻው ላይ የተመዘገበው ሰው ከ250,000 በላይ ነበር። ቁጥሩ ለራሽን ሲባል ከፍ ተደርጓል የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ይሁንና ተቀንሶም እንኳ ቢታይ ያስደነግጣል። በ1994 የሕዝብ ቆጠራ የጋምቤላ ክልል ሕዝብ በሙሉ 182,000 ገደማ ነበርና። አንድ የረግረግ መንደር ከክልሉ ሕዝብ የሚበልጥ ሰው በትከሻዋ ተሸከመች።

እስቲ አስቡት። አኙዋው በደለሉ ላይ የሚዘራው ዳርቻ የካምፕ ጎዳና ሆነ። ዛፉ ማገዶ ሆነ። ዓሣው በመቶ ሺሕ ሰው ፊት ምን ያህል ይቆያል? ካምፑ ውስጥ ገበያ ነበረ፣ ትምህርት ቤት ነበረ፣ ሐኪም ነበረ፤ ከካምፑ ውጭ ያለው የአገሩ ሰው ግን ይህን ሁሉ አያገኝም ነበር። ስደተኛው የመጣው ከመከራ ነው፤ እሱን መውቀስ ኃጢአት ነው። ግን እንግዳው የሚቀለብበት፣ ባለቤቱ የሚራብበት ሥርዓት ማንን ከማን እንደሚያጣላ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

በዚያው ሰሞን፣ በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ምክንያት፣ መንግሥት ከወሎ፣ ከትግራይና ከከምባታ በኩል ሳይቀር በአሥር ሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎችን አንሥቶ በጋምቤላ ቆላ አሰፈረ። በዚያ ዓመት እኛም ወላይታ ውስጥ ረሃቡን ቀምሰነዋል፤ ስለዚህ የተራበ ሰው መሬት ሲሰጠው ለምን ሄደ አልልም። ወደ ኋላ የሚያስመልስ ደጋ ግን ከበላዩ አልነበረም። ደገኛው ወባን አያውቅም፣ በሬው ገንዲን አይችልም፤ አኙዋውም መሬቱ ሲመተር ማንም አልጠየቀውም። እንደገና ያው ባዶ መሬት!

በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ኢታንግ በቀናት ውስጥ ባዶ ሆነች። ያ ሁሉ ሕዝብ ልጁን አዝሎ፣ የክረምቱ ዝናብ እየጀመረ፣ ባሮንና ሶባትን ተከትሎ ወደ ናሲር ነጎደ። የሱዳን መንግሥት አውሮፕላኖች በመንገድ ላይ ደበደቡት። ስንቱ በውኃው፣ ስንቱ በቦምቡ፣ ስንቱ በረሃብ እንዳለቀ በዚያ ወራት ቆጥሮ የያዘ የለም። መንገዱ ደጃዝማች ተሰማ የወረዱበትና ደ ቦንሻምፕ ያልጨረሰው ነው። ልዩነቱ፣ እነሱ ባንዲራ ይዘው ነበር፣ ይሄኛው ሕዝብ ድስትና ሰሌን ይዞ ነበር።

አሁን ወደ እኛ ጊዜ ልምጣ። ካሩቱሪ የሚባል የህንድ ኩባንያ በ2010 ከመንግሥት ጋር ተዋውሎ በኢታንግና በጂካዎ አካባቢ 100,000 ሄክታር ለ50 ዓመት ተከራየ፤ ኪራዩ በሄክታር በዓመት 20 ብር ነበር። ምኒልክ የፈቀዱት 400 ሄክታር መሆኑን አስታውሱ፤ 250 እጥፍ ማለት ነው። በዚያው ጊዜ ክልሉ በሦስት ዓመት 45,000 አባወራ በመንደር የማሰባሰብ ዕቅድ አውጥቶ ነበር። መንግሥት ሁለቱ አይገናኙም አለ፤ ከመንደራቸው የተነሡት ይገናኛሉ አሉ። በ2011 ክረምት ማብቂያ ላይ ባሮ ሞልቶ የኩባንያውን በቆሎ ዋጠው። ከ10,000 ሄክታር በላይ ሰብል ውኃ ውስጥ ገባ። ኩባንያው እንዲህ ያለ ጎርፍ ያልጠበቀው መሆኑን ተናገረ። አልጠበቀውም! ውኃውን ለመመለስ በብዙ ኪሎ ሜትር የሚቆጠር የአፈር ግንብ ሠርቶ ነበር። ወንዙ ግን ግንቡን የራሱ ዳርቻ አድርጎ ቆጠረው መሰለኝ፤ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ሰብሮት ወደ ኋላው ሜዳ ገባ። በ2015 መጨረሻ መንግሥት ፈቃዱን ሰረዘ። በመካከሉ የታረሰው ደንና የግጦሽ ሜዳ በስረዛ ደብዳቤ አይመለስም።

የዚህን ታሪክ የመጨረሻ ምዕራፍ ደግሞ ብዙዎቻችን በዜና ሰምተነዋል። ደቡብ ሱዳን በ2011 ነፃ ወጥታ በዲሴምበር 2013 እርስ በርሷ ስትዋጋ፣ ስደተኛው በዚያው በባሮ መስመር ተመልሶ መጣ። የልጅነቱን በኢታንግ ካምፕ አሳልፎ አሁን ልጆቹን ይዞ የመጣ ሰው ነበረበት። በ2014 መጀመሪያ ከተከፈቱት ሰፈሮች አንዱ ሌይችዎር ነው፤ ከኢታንግ በስተምዕራብ ባለው ዝቅተኛ ሜዳ ላይ የተተከለ። ቦታው ሲመረጥ ደረቅ ነበር፤ መኪና እንደልቡ ይገባ ነበር። በነሐሴ ውኃው ገባ። ከ40,000 በላይ ሰው ድንኳኑ በውኃ ተዋጠ፣ የመጸዳጃ ጉድጓዱ ሞላ፤ በሽታ ተፈራ። በአካባቢው መሬቱን ለአጥኚዎቹ በጣታቸው ሊያሳዩ የሚችሉ ሽማግሌዎች አልጠፉም ነበር። ነሐሴ ላይ ውኃው እስከየት እንደሚደርስ አጥር እንኳ ባይኖር የምስጥ ኩይሳውና የዛፉ ዓይነት ይናገራል፤ ረግረግ ዳር የኖረ ሰው ይህን ያነብባል። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ2015፣ ስደተኞቹ ተነሥተው ጀዊ ወደሚባለው ከፍ ያለ ስፍራ፣ ወደ ጋምቤላ ከተማ አቅራቢያ ተወሰዱ። እንግሊዞች በ1904 የሄዱበት አቅጣጫ ነው፤ ከረግረጉ ወደ ጋምቤላ።

ኩሌና ቲርኪዲ የሚባሉት ካምፖች ግን እዚያው በኢታንግ ወረዳ ውስጥ፣ ከወንዙ ራቅ ብለው ከፍ ባለ መሬት ላይ ቆመዋል። ኢታንግ ዛሬ ልዩ ወረዳ ናት፤ አኙዋ፣ ኑዌርና ኦፖ አብረው የሚኖሩባት ስለሆነች በአንዱ ብሔረሰብ ዞን ሥር አልገባችም። በ2007 ቆጠራ በክልሉ ኑዌር 46.7፣ አኙዋ 21.2 በመቶ ሆነው ተቆጥረዋል። እነዚህ ቁጥሮች በጋምቤላ የወንበር ቁጥሮች ናቸው፤ እያንዳንዱ ካምፕ ሲከፈት የአገሩ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ራሽን ሳይሆን «እነዚህ ይቆጠራሉ ወይ?» የሚለውን ነው። በጥቅምት ባሮ ሲጎድል፣ ከካምፖቹ በታች፣ አራተኛው አንቀጽ በለካው በ2,000 ሜትሩ ዳርቻ ላይ፣ የአኙዋ ሴቶች በእንጨት እየወጉ ደለሉ ላይ በቆሎ ይዘራሉ።